«ኮንቲንጀንት» የተባለው ቤት ተሽጧል ወይስ አልተሸጠም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቤት ስንፈልግ አንዱ ላይ «ኮንቲንጀንት» ተጽፎበት አየን። አሻሻጩ «ተይዟል፣ ግን ገና አላለቀም» አለን። መሥሪያ ቤቴ ደግሞ «ኮንቲንጀንሲ ፕላን» አለው። ጓደኛዬ «የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ» ማለት ነው ትላለች። ሁለቱን ምን አገናኛቸው? በአማርኛስ ምን እንበላቸው?

መልስ፦ አሻሻጩ ልክ ነው። ጓደኛዎ ግን ትንሽ ስታለች።

ድንገተኛ የምንለው ሳይታሰብ የመጣውን ነው። ኮንቲንጀንሲ ግን አስቀድሞ የታሰበበት ነገር ነው። መምጣቱ እርግጥ አይደለም፤ ሊመጣ እንደሚችል ግን ይታወቃል። «መብራት ቢጠፋስ? ዕቃው ወደብ ላይ ቢዘገይስ?» ብሎ ዕቅድ ያወጣ ሰው፣ ነገሩ ሲደርስ «ድንገት መጣብኝ» ቢል ማን ያምነዋል? ስለዚህ «የመጠባበቂያ ዕቅድ» ይሻላል። አገር ቤት ያሉ የበጀት ሰዎችም ለዚህ የሚይዙትን ገንዘብ መጠባበቂያ ነው የሚሉት።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። ሥሩ መንካት ማለት ነው። «አብሮ» የሚል ትርጉም ያለው ምዕላድ ሲጨመርበት መነካካት፣ መገናኘት ሆነ፤ ቆይቶም በሰው ላይ መድረስ የሚል ትርጉም አወጣ። የእኛው «ገጠመ» የሄደበት መንገድም ከዚህ አይርቅም። ክዳኑ ከድስቱ ገጠመ እንላለን፤ ጉድ ገጠመኝም እንላለን። «አጋጣሚ» የተገኘው ከዚያው ነው። ላቲንና አማርኛ ሳይመካከሩ እዚህ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ታዲያ «አጋጣሚ» ብለን ለምን አንገላገልም? አጋጣሚ ዛሬ በአብዛኛው የሆነውን ነገር ይመለከታል፤ «በአጋጣሚ አገኘሁት» እንደምንለው። በስብሰባ ቋንቋ ደግሞ ጭራሽ «መልካም ዕድል» ሆኗል። «ይህን አጋጣሚ በመጠቀም» የማይል ተናጋሪ አይተው ያውቃሉ? ኮንቲንጀንሲ ግን ገና አልሆነም።

ፈላስፎች ቃሉን የሚጠቀሙበት ለመሆኑም ላለመሆኑም ግድ ለሌለበት ነገር ነው። ይህን በአንድ ስም ለመያዝ እንቸገራለን፤ በግስ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል፦ «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።» እንግሊዝኛ በስም የሚቋጥረውን አማርኛ በ«ሊ» እና በ«ላይ»፣ በ«ቢ» እና በ«ከ» ይፈታዋል። እኔ ስም ለስም ከመፈለግ ግሱን እመርጣለሁ። «ክፍያው በጉብኝቱ ውጤት ላይ ኮንቲንጀንት ነው» ከማለት «ጉብኝቱ ካማረ ይከፈላል» ቢሉ ምን ይጎድላል?

ወደ ቤቱ እንመለስ። ሻጩ የአንድ ገዢ ዋጋ ተቀብሏል። ሽያጩ የሚጸናው ግን ቅድመ ሁኔታዎቹ ሲሟሉ ነው፦ ባንኩ ብድሩን ከፈቀደ፣ የቤቱ ምርመራ ከባድ ችግር ካላሳየ፣ ለቤቱ የሚወጣው ግምት ከተስማሙበት ዋጋ ካላነሰ። «በቅድመ ሁኔታ የተያዘ» ቢሉት ማንም ይገባዋል። አንዱ ሳይሟላ ቢቀርና ገዢው በውሉ ቀነ ገደብ ውስጥ ቢወጣ፣ ያስያዘው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ይመለስለታል። አገር ቤት የለመድነው ቀብድ ከዚህ ይለያል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ያስያዙትን ገንዘብ «ቀብድ» ቢሉም፣ ሕጉ አብሮት የተሻገረ አይምሰልዎ።

እዚያው አሜሪካ «በኮንቲንጀንሲ እሠራለሁ» የሚል ጠበቃም ያጋጥምዎታል። ካሸነፈ ከሚገኘው ካሳ ድርሻውን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ሢሶውን። ከተረታ የጥብቅና ዋጋ አይጠይቅም። «ሲያሸንፍ የሚከፈለው» ይበሉት። የፍርድ ቤትና የባለሙያ ወጪ ግን ለብቻው ሊታሰብ ስለሚችል፣ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁት።