ለልጄ የትኛው የማስተማሪያ መንገድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ መስማት አትችልም። በቤት ውስጥ እኛው በፈጠርነው ምልክት እንግባባለን። ትምህርት ላስጀምራት ብዬ ሳማክር አንዱ መምህር ከንፈር እያነበበች መናገር ትልመድ ሲለኝ፣ ሌላው እየተናገሩ በእጅም ማሳየት ይበቃል አለኝ፤ አንዲት መምህርት ደግሞ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በደንብ ትማር ትላለች። የማንን ምክር ልቀበል?
አንድ አባት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የመምህርቷን ምክር ይቀበሉ።

ከንፈር ማንበብ የሚጠቅመው ቋንቋውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። መስታወት ፊት ቆመው «በራ» እና «መራ» ቢሉ ከንፈርዎ ልዩነት አያሳይም፤ «ገባ» እና «ቀባ» የሚለዩበት ድምፅም ከአፍ ውስጥ ወደ ኋላ ስለሚፈጠር ከውጭ አይታይም። አማርኛን ሰምታ የማታውቅ ልጅ ይህን በግምት እንድትሞላ መጠየቅ ከባድ በደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን፣ ጣሊያን ላይ በዓለም አቀፍ ጉባኤ የተሰበሰቡ መምህራን መስማት የተሳናቸው ልጆች በንግግር ብቻ ይማሩ ብለው በመወሰናቸው የምልክት ቋንቋ ከብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ተገፍቶ ወጥቷል፤ ያው ጉባኤ ውሳኔውን ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር፣ ካናዳ ላይ ሲሰበሰብ ነው።

እየተናገሩ ማሳየትም የሚመስለውን ያህል አያዋጣም። «አልሰጠኋትም» የሚለው አንድ ቃል ሰጪውን፣ ተቀባይዋንና አሉታውን አጣምሮ ይዟል፤ በምልክት ቋንቋ ግን ይህ የሚገለጸው በእጅ አቅጣጫና በፊት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማስኬድ የሚጣጣር መምህር አፉ ሳይቋረጥ እጁ ግማሹን ይጥላል፤ ልጅቱ የምታየው ደግሞ እጁን ነው።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። የጽሑፍ አማርኛን በእርሱ ላይ ተመሥርታ ትማራለች፤ ለዚህም የጣት ፊደል ይረዳታል። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ስለሚያመለክት፣ የኔታ ፊት ፊደል ለቆጠረ ወላጅ አይከብድም። ሆኖም የጣት ፊደል የአማርኛ መጻፊያ እንጂ ቋንቋው ራሱ ስላልሆነ እርሱን ብቻ የሚያስተምር ክፍል አይበቃትም።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ ከሕንፃው ይልቅ መምህሩ ከጎልማሳ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ጋር ሳይቸገር መጫወት መቻሉንና በክፍሉ ሌሎች መስማት የተሳናቸው ልጆች መኖራቸውን ይመልከቱ፤ ቋንቋውን አብዝታ የምትለምደው ከእነርሱ ነውና። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ በዲግሪ ስለሚያሠለጥን የመምህሩን ሥልጠና መጠየቅም ተገቢ ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢያመነታ፣ ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ ትምህርትን እንደሚደግፍ ያስረዱ።

የቤታችሁን ምልክት አትተዉ፤ እስካሁን ያግባባችኋት እርሱ ነው። እርስዎና እናቷ ግን ቋንቋውን ከእርሷ ጋር አብራችሁ ተማሩ፤ ጆሮዋንም ሐኪም ይመርምረው፣ የሚሰማት ጥቂት ድምፅ ካለ ለተጨማሪ እገዛ ይሆናታል።