የድሮ ፔዳል ስቲል ጊታር አንገት መቀየር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በ1970ዎቹ የተሠራ፣ ባለ ሁለት አንገትና በየአንገቱ አሥር ክር ያለው ፔዳል ስቲል ጊታር (ተጋድሞ፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱና ፔዳል እየረገጡ የሚጫወቱት) አለኝ። የእንጨት አንገቶቹ ቫርኒሽ ተልጧል፤ አንደኛው ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። በአልሙኒየም ልተካቸው አስቤ ነበር፤ ግን አንዴ ከተፈታ ቅኝቱ እንዳይበላሽ ፈራሁ። ከምን ልጀምር? (አንባቢ ከናሽቪል)

መልስ፦ በተራ ጊታር የክሩን ውጥረት የሚሸከመው አንገቱ ነው። በፔዳል ስቲል ግን ክሩ የተወጠረው በግራ በኩል ባለው መቃኛና በቀኝ በኩል ባለው ቻንጀር (ፔዳል ሲረገጥ የክሩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል) መካከል ነው፤ ሁለቱም የታሰሩት ቦዲው ላይ ነው። አንገቱ ፍሬትቦርዱን (የድምፅ ቦታ የሚያሳዩ የፍሬት መስመሮች ያሉበትን ሰሌዳ) ተሸክሞ መሐል ላይ ይቀመጣል እንጂ ውጥረቱ እሱ ላይ አያርፍም። ስለዚህ ቅኝቱን የሚያበላሸው የአንገቱ መነሳት ሳይሆን፣ እሱን ለማንሳት ከሥር የሚነካካው ነገር ነው።

ስንጥቁ ከጫፉ ካላለፈ መቀየሩም ላያስፈልግ ይችላል። ስስ የእንጨት ኮላ አስገብቶ ለአንድ ቀን በሞርሳ ማሰር ይበቃል። ከቀየሩም አሮጌዎቹን አይጣሏቸው፤ ጊታሩን ቢሸጡት ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እነሱ ነው።

ምንም ነገር ሳይፈቱ ከተጫዋቹ ራቅ ባለው፣ ኢ9 በሚባለው ቅኝት በተቃኘው አንገት ላይ አራተኛውን ክር (ኢ) ይምቱና ኤ እና ቢ የሚባሉትን ፔዳሎች አንድ ላይ ይርገጡ። እነዚህ ፔዳሎች ኢን አይነኩም፤ ሆኖም ቦዲው ስለሚታጠፍ ክሩ ጥቂት ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ይወርዳል። መቃኛ መሣሪያው የሚያሳየውን ቁጥር ይጻፉት፣ ሥራው ሲያልቅ የሚያወዳድሩት ከዚሁ ጋር ነው። ከዚያ የአንገቶቹን ጠርዝ ቦዲው ላይ በወረቀት ፕላስተር ያመልክቱ፣ የፒካፑን (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት) ከፍታም ይለኩ።

ክሮቹን አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ። ውጥረቱ ሲጠፋ ከሥር ያሉት፣ ቻንጀሩን የሚስቡት ቀጭን ዘንጎች ከመንጠቆአቸው ሊወጡ ስለሚችሉ፣ አስቀድመው ጊታሩን በራሱ ሣጥን ውስጥ ደፍተው ሆዱን ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱት። እያንዳንዱ ዘንግ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደገባ በፎቶው ላይ በግልጽ መታየት አለበት። በዘንጎቹ ጫፍ ያሉትን የናይለን መቃኛዎች ግን አይንኩ። ብዙ ሰው «ላጽዳ» ብሎ ይፈታቸውና ፔዳሎቹን እንደገና ሲቃኝ ይውላል።

አንገቱን የያዙት ቪቴዎች አንዳንዶቹ ከፔዳል ዘንግ (ፔዳሉ ሲረገጥ የሚዞረው፣ ቀጫጭኖቹን ዘንጎች የሚስቡ ክንዶች ያሉበት) ኋላ ተደብቀዋል። ረጅም ካቻቪቴ ካልደረሰ ዘንጉን ማውጣት ግድ ነው፤ ያኔ ክንዶቹ ዘንጉ ላይ የሚቆሙበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ነጥብ ያድርጉበት። እንቢ ያለ ቪቴ ካለ የጋለ ብየዳ ብረት ጭንቅላቱ ላይ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያኑሩበት። ሁሉም ወጥቶ አንገቱ ካልተነሳ የያዘው ቫርኒሽ ነው። በካቻቪቴ ፈልቅቀው አያንሱት፤ በስለት ምላጭ ዙሪያውን ይብጡት፣ አለበለዚያ የቦዲው ቫርኒሽ አብሮ ይላጣል።

የዚያ ዘመን የናሽቪል ጊታሮች በብዛት በእጅ የተሠሩ ስለሆኑ የቪቴ ቀዳዳቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። ተበስቶ የመጣ አንገት ይገጥማል ብለው አይተማመኑ። ያልተበሳ ይግዙና በቦታው አስተካክለው በሞርሳ ይሰሩት፤ ከዚያ በቦዲው ቀዳዳ በልኩ የሚያልፍ፣ ጫፉ የሾለ ዘንግ ከሥር አስገብተው በመዶሻ ቀስ ብለው ይምቱት። ምልክቱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል።

ለ8-32 ብሎን (የአሜሪካ የብሎን ልክ ነው) በአልሙኒየሙ ላይ በ3.45 ሚ.ሜ. ፑንታ ይብሱ፣ በቦዲው ላይ ደግሞ 4.5 ሚ.ሜ.። ጥርስ ሲያወጡ ጥቂት ላምባ ይጨምሩ፤ ግማሽ ዙር በሄዱ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሱ። ፍቅፋቂው ቻንጀር ውስጥ ከገባ ፔዳሉ ይቸክላል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ከጊታሩ ርቀው ይሥሩ። ኤም4 ብሎን ከ8-32 ጋር በዓይን አይለይም፤ ነገር ግን የአንዱ ጥርስ በየ0.7፣ የሌላው በየ0.79 ሚ.ሜ. ነው። ጥቂት ዙር ገብቶ ይነክሳል፤ ያኔ ቢያስገድዱት ጥርሱን ይበላዋል።

አልሙኒየም ሲሞቅ ይረዝማል። 50 ሳ.ሜ. የሆነ አንገት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ሩብ ሚ.ሜ. ገደማ ያድጋል፤ እንጨቱ ግን በርዝመቱ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚያድገው። አንገቱ በሁለቱም ጫፍ ከብረት ጋር ተጠብቆ ከገባ መድረክ ላይ መብራት ሲያርፍበት ሁለቱን ጫፍ ይገፋል፣ ቅኝቱም ይንሸራተታል። በየጫፉ ግማሽ ሚ.ሜ. ክፍተት ይተዉ። ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር በተራ ያጥብቁ፣ ከየጭንቅላታቸው ሥር ሮንዴላ ያድርጉ።

ከቃኙ በኋላ የኤ እና ቢ ፔዳል ፈተናውን ይድገሙ። ክሩ ከበፊቱ ይበልጥ ከወረደ የአንገቱ ሥር ቀጥ አላለም ወይም ብሎን ላልቷል። ቀድሞም ብዙ ይወርድ ከነበረ ግን ከአዲሱ አንገት ፈውስ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ አዲስ ፍሬትቦርድ ለጥፌ፣ ከታች ደህና ሆኖ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች ስሄድ ብረቱን መስመሩ ላይ ባደርግም ድምፁ ይወርዳል። ለምን?

መልስ፦ የ24 ኢንች ፍሬትቦርድ 24.25 ኢንች በሆነ ጊታር ላይ ለጥፈው ይሆናል። ልዩነቱ 12ኛው ፍሬት ላይ 3.2 ሚ.ሜ. ነው፤ 18 ሴንት ያህል ያወርዳል። 24ኛው ላይ 4.8 ሚ.ሜ. ይደርስና ከአንድ ፍሬት ግማሽ ይበልጣል። ወደ ቀኝ ገፋ ማድረግ አያድንም፤ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። ከሮለሩ (በመቃኛው በኩል ክሩ የሚያርፍበት ተሽከርካሪ) መሐል እስከ ቻንጀሩ ጫፍ ለክተው በልኩ የተሠራ ይግዙ። ራስዎ የሚሥሉ ከሆነ ሙሉውን ርዝመት ለ17.817 ሲያካፍሉ የመጀመሪያው ፍሬት ርቀት ይወጣል፤ ለቀጣዩ የቀረውን ርዝመት እንደገና ያካፍሉ። ለ24.25 ኢንች የመጀመሪያው 34.57 ሚ.ሜ. ነው። ሲለጥፉ በጥንድ ፊት ፕላስተር ሁለቱን ጫፍ ብቻ ይያዙ፤ በሚጫወቱበት ወንበር ተቀምጠው አይተው ካመኑበት በኋላ ሙሉውን ያጣብቁ።

ጥያቄ፦ አንገቱን ከዋንዛ ማሠራት ይቻላል? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ውጥረት ስለማይሸከም ይቻላል፣ እንጨቱ በደንብ የደረቀ ከሆነ። ስድስቱንም ፊት፣ ከሥር ያለውንም ጭምር፣ ቫርኒሽ ይቀቡት፤ አንድ ፊት ብቻ ከተቀባ ይጎብጣል። ዋንዛ ቦዲው ከተሠራበት ሜፕል ስለሚለሰልስ ቪቴው አንገቱ ውስጥ ቢያንስ 20 ሚ.ሜ. ይግባ፣ መጀመሪያ ግን በቀጭን ፑንታ ይበሳለት።