ፍሪጁ «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል

አንዲት አንባቢ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ፍሪጃችን ባለ ሁለት በር ነው፤ ከተገዛ አራት ዓመቱ። ከወር በፊት መብራት ሄድ መለስ ሲል ካመሸ በኋላ ማቀዝቀዝ አቆመ። የመጣው ባለሙያ ‹ጋዝ አልቋል› ብሎ ሞላው፤ ሁለት ሳምንት ሠራና ያው ሆነ። አሁን የውስጡ አምፖል ይበራል፣ ከኋላው ‹እምምም› ይልና ‹ጠቅ› ብሎ ዝም ይላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደግማል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ደግሞ ይብስበታል። ሰውየው ጋዝ ይጨመርበት እያለ ነው፤ ላስጨምር?»

እህቴ፣ አያስጨምሩ። «ጠቅ» የኤሌክትሪክ ድምፅ ነው እንጂ የጋዝ አይደለም። ጋዝ ያነሰው ፍሪጅ ሞተሩ ይነሳል፤ እንዲያውም ሌት ተቀን ሳያርፍ ይሠራል፣ የማያደርገው ነገር ማቀዝቀዝ ብቻ ነው። የእርስዎ ሞተር ግን መነሳቱም አቅቶታል። ይታገላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ያለችው መከላከያ፣ ኦቨርሎድ የምትባለው፣ መስመሩን ትቆርጣለች። ጠቅ የምትለው እሷ ናት። በርዳ ስታገናኝ ትግሉ እንደገና ይጀምራል። በዚህ ላይ የመጋገሪያው ቀን ሲጨመርበት ጥርጣሬዬ ሁለት ቦታ ያርፋል፦ ወይ የሞተሩ ማስነሻ፣ ሪሌዩ፣ ተቃጥሏል፤ ወይ ቤትዎ የሚደርሰው ቮልቴጅ ሞተር አያስነሳም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ፤ ቮልቴጁ ነው ሪሌዩን የሚገድለው። ሦስተኛ ጥርጣሬም አለኝ፣ እሱ የሰውየውን ጋዝ ስለሚመለከት ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት በፍሪጁ ጀርባና በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። «አር 600ኤ» የሚል ጽሑፍ፣ ወይም በቢጫ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የእሳት ነበልባል ካዩ፣ ውስጡ ያለው ጋዝ ኢሶቡቴን ነው። የቡታጋዝ ዘመድ ነው፣ ይቀጣጠላል። ቱቦው በተከፈተበት ቤት ውስጥ እሳት አይቅረብ፤ የብየዳ እሳትም፣ ምድጃም፣ የቡና ከሰልም። ይህን ከዚህ በታችም እደግመዋለሁ፣ አይሰልቹብኝ።

አሁን ወደ ሥራው። ስፒናውን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ፍሪጁን ሳብ አድርገው ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ በትኩሱ የሚለካ ቁጥር ያሳስታል። ከኋላ ታች ያለውን የካርቶን ወይም የላሜራ መሸፈኛ ብሎኖቹን ፈተው ያውጡ። ጥቁሩ ድቡልቡል ብረት ሞተሩ ነው። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ክሊፑን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቆንጠር ሲያደርጉ ትለቃለች። አንዲት ሽቦ ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ጣት የምታህል ካፓሲተር፣ ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ማይክሮፋራድ፣ ተያይዛ ካለች ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዛ ስለምትቆይ ሁለት እግሮቿን በአሮጌ ባለ ክር አምፖል ሽቦ ነክተው ያራግፏት።

ሪሌዩ በሞተሩ ሦስት እግሮች ላይ ተሰክቷል። ቀጥ አድርገው፣ በቀስታ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ይሳቡት፤ አይጠምዝዙት። እግሮቹ በመስታወት የታሸጉ ናቸው፣ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ጋዙ በዚያ ያመልጣል፤ ያኔ የማስነሻ ብልሽት የሞተር ብልሽት ይሆናል። ካወጡት በኋላ ጆሮዎ ሥር አድርገው ነቅነቅ ያድርጉት። በውስጡ ሳንቲም የምታህል ሴራሚክ አለች፤ ደህና ከሆነች ድምፅ የላትም፣ ከተሰበረች እንደ ቅል ውስጥ ሽምብራ ትንኳኳለች። ከተንኳኳች ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ሞታለች። ካልተንኳኳች በማልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ይለኩ፤ በቤት ሙቀት ከ10 እስከ 40 ኦም አካባቢ ካነበበ ደህና ነው፣ ምንም ካላነበበ ይጣል። ጥላሸት ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታም ያው ፍርድ ነው። ኦቨርሎዷ ስትበርድ ዜሮ አጠገብ ማንበብ አለባት።

ቀጥለው ሦስቱን የሞተር እግሮች ሁለት ሁለት እያደረጉ ይለኩ። ሦስት ቁጥር ያገኛሉ፤ ትልቁ የሁለቱ ትንንሾች ድምር መሆን አለበት። ለምሳሌ 12፣ 20 እና 32። ድምሩ ከተገጣጠመ በሞተሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ደህና ነው። አንዱ ጨርሶ ካላነበበ ጥቅልሉ ተበጥሷል። ከየትኛውም እግር ወደ ሞተሩ አካል፣ ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ፣ ማልቲሜትሩ ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ያ ፍሪጅ ከእንግዲህ አይሰካ፤ በሩን የነካ ሰው ላይ የሚወርደው ያ ኤሌክትሪክ ነው።

ቮልቴጁን በዚያው ፍሪጁ በሚሰካበት ሶኬት ይለኩ፤ አንድ ጊዜ በተራ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ምጣዱ እየሠራ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፣ 16 አምፔር ማለት ነው፤ በሕንፃው ውስጥ ሦስት ጎረቤት አብሮ ሲጋግር መስመሩ ይንበረከካል። ከ198 በታች ካነበቡ ችግር አለ፤ ሞተሩ «እምም» በሚልባት ቅጽበት ወደ 180 ከወረደ አዲስ ሪሌይም አያድነው። ፍሪጁ በዲቫይደር ከሆነ የተሰካው መጀመሪያ ከዚያ ያውጡትና ለብቻው ግድግዳ ላይ ይሰኩት። ከማይክሮዌቭና ከውኃ ማፍያ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ የተንጠለጠለ ፍሪጅ ብልሽቱ እዚያው ዲቫይደሩ ላይ ይሆናል፤ ስፒናው የሚገባበት ቀዳዳ ጠቁሮ ያገኙታል።

መብራት ሄድ መለስ ማለቱ ለምን ሞተር እንደሚገድል ግን ረዘም አድርጌ ልንገርዎ፤ ይህን የገባው ሰው ግማሹን የጥገና ወጪ ያድናል። ሞተሩ ጋዙን በአንድ በኩል ይስባል፣ በሌላ በኩል ጨምቆ ወደ ኋላው ወይም ወደ ጎኑ ሙቅ ቱቦ ይገፋል። የተጨመቀው ወደ ቀዝቃዛው ክፍል የሚያልፈው ካፒላሪ በምትባል ቀጭን መዳብ ነው፤ ርዝመቷ ሁለት ሦስት ሜትር ይሆናል፣ የውስጥ ቀዳዳዋ ግን አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል፣ ጋዙ ግን አይቆምም፤ የሁለቱ ወገን ግፊት እኩል እስኪሆን በዚያች ቀዳዳ እየሾለከ ይቆያል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሌሊት ፍሪጁ ከቆመ በኋላ «ሽሽሽ» ብሎ «ቡልቅ ቡልቅ» ሲል የሚሰሙት እሱን ነው። እንግዲህ መብራቱ በ10 ሴኮንድ ቢመለስስ? ፒስተኑ ሙሉ ግፊት ተደግፎበት እያለ ተነሳ ይባላል። ጤፍ ጢም ብሎ የተጫነ አይሱዙን ዳገት መሀል አቁመው በሦስተኛ ማርሽ እንደ ማስነሳት ነው። የማይዞር ሞተር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሲሠራ አንድ አምፔር የማይሞላ የሚስበው፣ ሲታገል አምስት ስድስት እጥፍ ይስባልና ጥቅልሉ ይጋገራል።

ይህ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያቺ ሴራሚክ ናት። ስትበርድ ኤሌክትሪኩን ለማስነሻው ጥቅልል ታሳልፋለች፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ራሷ ከ100 ዲግሪ በላይ ትግልና በሩን ትዘጋለች፤ ሞተሩ እስከ ሠራ ድረስም ትኩስ ሆና ትቆያለች። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ገና አልበረደችም፣ ስለዚህ ሞተሩ ጭነቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚገፋለት የለም። በዚህ ላይ ቮልቴጁን ዝቅ ያድርጉት፤ የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር በእኩል አይወርድም፣ በስኩዌር ነው የሚወርደው። 220 የነበረው 180 ሲሆን አንድ ሦስተኛው ጉልበት ይሄዳል። ሰውየው «ጋዝ ሞላሁት» ብሎ ሁለት ሳምንት የሠራልዎትም በዚሁ ይመስለኛል፤ ለሥራው ብሎ ነቅሎ ሰዓታት አቆየው፣ ግፊቱ ተካከለ፣ ሴራሚኳ በረደች፣ ሲሰካ ተነሳ።

ስለዚህ ሪሌዩ ከተቀየረ በኋላ ማዘግያ ያለው ስታብላይዘር ይግዙለት፤ መብራት ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኝ። ለአንድ የቤት ፍሪጅ 1,000 ቪኤ ይበቃል። ከተለጠፈው ቁጥር ይልቅ ክብደቱን ይመኑ፤ 1,000 ተብሎ ተጽፎበት እንደ ባዶ ካርቶን የሚነሳ ከሆነ ውስጡ ትራንስፎርመር ሳይሆን ተስፋ ነው ያለው። እስከዚያው መብራት በጠፋ ቁጥር ስፒናውን ነቅለው፣ ሲመጣ 5 ደቂቃ ቆጥረው ይሰኩ። ወጪ የለውም፣ ሥራው ግን ያው ነው።

ዕቃውን ሲገዙ አሮጌዎቹን ይዘው፣ የሞተሩን ሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስተው ይሂዱ። ኦቨርሎድ ለሞተሩ አምፔር የሚመጠን ነው፤ የሚበልጠውን ከገጠሙ ሞተሩ እስኪቃጠል አትቆርጥም። ሪሌይ፣ ኦቨርሎድና ካፓሲተር በአንድ ላይ የታሸጉበት፣ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ዕቃ ሻጩ ያቀርብልዎታል። አልወደውም። ለሁሉም የሚሆን መከላከያ ማንንም አይከላከልም። ከዚህ የባሰው በብዙ ፍሪጅ ጀርባ የሚገኘው ነው፤ ኦቨርሎዷ ተነቅላ ሁለቱ ሽቦዎች ተጠማዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። በእርስዎም ዘንድ እንዲህ ያለ ካገኙ ሳይተኩት አይሰኩ። የሽቦ ጫፎቹ ላልተው ከሆነም በፒንሳ ጨመቅ ያድርጓቸው፤ የላላ ጫፍ ይግላል፣ አዲሱንም ሪሌይ ያቃጥላል።

ሦስተኛው ጥርጣሬ እነሆ። ሰውየውን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ የትኛውን ጋዝ ሞላህ? ስንት ግራም? «እስኪበቃው ድረስ» ካለ መልሱን አገኙ። አር 600ኤ በቤት ፍሪጅ ውስጥ ከ30 እስከ 80 ግራም ነው፤ ልኩ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ በዲጂታል ሚዛን ይመዘናል እንጂ በጌጅ፣ በግፊት መለኪያው፣ እየታየ አይገመትም። ለ600ኤ የተሠራ ሞተር ፒስተኑ ሰፊ ነው፤ እዚያ ውስጥ አር 134ኤ የሚባለው ሌላው የፍሪጅ ጋዝ ከተሞላበት ጭነቱ ከአቅሙ በላይ ይሆንና ልክ እንደ እርስዎ ያለ «ጠቅ» ይመጣል። ዘይቱም አይስማማም። ከቡታጋዝ ሲሊንደር የሚሞሉም አሉ፤ እሱ የተለያየ ጋዝ ቅልቅልና ሽታ የተጨመረበት ስለሆነ ለምድጃ እንጂ ለፍሪጅ አይደለም። ጋዝ ለመሙላት ቱቦውን የበሳባትን፣ በብሎን የተጣበቀችውን መብሻ ቫልቭ እዚያው ትቶ ከሄደም የጎማዋን ዙሪያ በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ ዛሬ ባትተነፍስ ነገ ትተነፍሳለች።

የተሳሳተ ጋዝ ከሆነ ሁሉም ወጥቶ፣ ፊልተሩ ተቀይሮ፣ ውስጡ ያለው አየር በቫክዩም ፓምፕ ተስቦ፣ ተመዝኖ እንደገና ይሞላል። ባለሙያው «ቫክዩሙ 30 ኢንች አልደረሰም» ብሎ ፓምፑን ቢወቅስ አይፍረዱበት፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ያንሳልና ጌጁ 22 ወይም 23 ላይ ይቆማል፣ ያ እዚህ ሙሉ ነው። ይህ ሥራ ግን የእርስዎ አይደለም፣ በቤትዎ ውስጥም አይሠራ። 600ኤ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይተንም፣ ወለል ለወለል ሄዶ ጥግ ይተኛል፣ የቡና ከሰል ያለው ደግሞ እዚያው ወለል ላይ ነው። ጋዙ በቱቦ ወደ ውጭ ይለቀቅ፣ መስኮትና በር ይከፈት፣ ናይትሮጅን ሳይነፋበት ቱቦው ላይ የብየዳ እሳት አይቅረብ። «ትንሽ ነው፣ ምንም አይልም» የሚል ባለሙያ ከመጣ በሩን ያሳዩት።

ሪሌዩና ኦቨርሎዷ ተተክተው፣ ቮልቴጁ ደህና ሆኖ አሁንም ጠቅ ካለ፣ ጋዙም ትክክለኛው ከሆነ፣ ሞተሩ ውስጡ ተጣብቋል። ያኔ የሞተር ዋጋ፣ ጋዝና የእጅ ሲደመር ከአዲሱ ፍሪጅ ግማሽ ካለፈ አልመክርዎትም።

ከተነሳልዎት ክዳኖቹን መልሰው፣ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር አርቀው ያቁሙት፤ ጎኖቹ ቢሞቁ አይደንግጡ፣ ሙቁ ቱቦ በዚያ ነው የሚያልፈው። ባዶውን ያስነሱትና ማስተካከያውን መሀል ላይ ያድርጉት። መሀል መደርደሪያ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ ከቴርሞሜትር ጋር ያስቀምጡ። በማግስቱ ጠዋት 4 ዲግሪ አካባቢ ካነበበ ወተቱንና ሥጋውን ይመልሱ፤ ወጡን ግን ድስቱ በርዶ።