ጦርነት ሲቃረብ ማዘጋጃ ቤት ምን ይዝጋ፣ ምን ይክፈት?

እህታችን ያነሳችው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆና ተመድባለች። ጦርነቱ እየተጠጋ ነው። አለቆቿ «የዘወትሩን ሥራ ዝጉና ሁላችሁም አስቸኳይ ኮሚቴ ውስጥ ግቡ» ብለዋታል። ልክ ነው ወይ? ካልሆነስ እንዴት ላሳምናቸው? ትላለች።

ልክ አይደለም። በጦርነት ጊዜ በትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ለዓመታት ያንኑ የጦርነት ጊዜ ወረቀት ሳጠራ ነው የቆየሁት። አስቸኳይ ኮሚቴ ያስፈልጋል፣ ክርክር የለውም። ግን ከጦርነት በኋላ ሰው ወረፋ ይዞ የሚመጣው ኮሚቴው ስላደረገው ጀግንነት ሊጠይቅ አይደለም። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ሊጠይቅ ነው። እነዚህን የሚይዘው ደግሞ ዝጉት የተባለው መሥሪያ ቤት ነው።

በቅድሚያ ማን እንደሚፈርም ጨርሱ። ከንቲባው ሊሄድ ይችላል። ሊታመም ወይም ሊታሰርም ይችላል። የምክር ቤት አባላት ግማሾቹ ቤተሰባቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ገና በቦታው እያለ ምክር ቤቱ አንድ ውሳኔ ያሳልፍ። ከንቲባው ከሌለ ማን ይተካል? እሱም ከሌለ ማን? ይህ በሰው ስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይጻፍ። የባንክ ፈራሚዎችም እንደዚያው። ማህተሙ ማታ ማታ ማን ዘንድ እንደሚያድር ሳይቀር ይወሰን። ማህተም ጠፍቶ ማዘጋጃ ቤት የጄኔሬተር ነዳጅ ማውጣት ሲያቅተው አይቻለሁ። ብሩ ባንክ ነበር፣ ነዳጁም ዴፖ ነበር። የጠፋው ያቺ ክብ ጎማ ብቻ ነበረች።

ይህን ነገር ሌሎችም አገሮች አስበውበታል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነት ስትገባ የአካባቢ ምርጫን አገደች፣ እገዳውም እስከ 1945 ቆየ። ምክር ቤቶቹ ግን አልተዘጉም። አባል ሲጎድል ራሳቸው መርጠው እየተኩ ሥራቸውን ቀጠሉ። በዩክሬን ደግሞ የጦርነት ጊዜ አዋጅ በሚጸናበት ወቅት ምርጫ አይካሄድም። የአንድ ከተማ ምክር ቤት ሥልጣን ወደ ወታደራዊ አስተዳደር ሊተላለፍ ይችላል፣ ይህንን የሚወስነው ግን ፕሬዚዳንቱ ሲያቀርብለት የአገሪቱ ፓርላማ ነው። ሁለቱም ጋ ሥልጣን የሚያልፈው በታወቀ መንገድ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ካልተደረገ ሥልጣን የሚወድቀው ጮክ ብሎ በሚናገር ሰው እጅ ነው። እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።

አስቸኳይ ኮሚቴው ትንሽ ይሁን። ሦስት ሰው ይበቃል፣ አምስት ከበዛ ነው። በየቀኑ በአንድ የታወቀ ሰዓት ይሰብሰብ፣ በየቀኑም ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ግማሽ ገጽ በቂ ነው። ማን ተገኘ፣ ምን ተወሰነ፣ ማን ይፈጽማል፣ ገንዘቡ ከየትኛው ሂሳብ ይወጣል። «በስልክ ተስማምተናል» የሚባል ነገር አትቀበይ። ከጦርነት በኋላ ኦዲተር ይመጣል። ያኔ በስልክ የተስማማው ሰው ስልኩን አያነሳም።

አሁን ወደ ውሃ። ከከተማው ሠራተኛ ሁሉ ቀድሞ ደመወዙ መከፈል ያለበት ማን ነው ብትዪኝ፣ የውሃ ፓምፕ ኦፕሬተሩ ነው እልሻለሁ። ከንቲባው ለሳምንት ባይኖር ብዙ ሰው ላያውቅም ይችላል። ኦፕሬተሩ ለአንድ ቀን ካልመጣ ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ምትክ ሰው አሁኑኑ ይሠልጥን። ክሎሪን ለስንት ጊዜ እንደሚበቃ ይታወቅ። ነዳጅ ሲያጥር ቅድሚያ ማን እንደሚያገኝ ዛሬ በወረቀት ይቀመጥ፤ ፓምፕ፣ ጤና ተቋም፣ ቀጥሎ ሌላው። ያልተጻፈ ቅደም ተከተል የጉልበተኛ ቅደም ተከተል ነው።

ተፈናቃይ ሲመጣ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች የሚሠሩት ሰውን ትምህርት ቤት ውስጥ ማስገባትና ብርድ ልብስ መጠየቅ ብቻ ነው። ቁጥር ይኑርሽ። በሰብዓዊ ርዳታ ሥራ የሚታወቀው የስፊር መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የመኖሪያ ቦታ ይላል። ለመጸዳጃ ቤት ደግሞ በመጀመሪያው አጣዳፊ ጊዜ ለ50 ሰው አንድ፣ ሲረጋጋ ለ20 ሰው አንድ። በዚህ ስሌት የመማሪያ ክፍሎችሽን ዛሬውኑ ለኪያቸው። 50 ካሬ ሜትር የሆነ ክፍል 14 ሰው ይይዛል ማለት ነው። አርባ ሰው አይደለም። እርግጥ ነው፣ ቀኑ ሲደርስ አርባ ሰው ታስገቢያለሽ። ግን ከአቅም በላይ መሆንሽን በቁጥር ካላሳየሽ ከበላይ አካል የሚመጣልሽ ነገር የለም።

ምዝገባው ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1939 ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው፣ አብዛኞቹን ሕፃናት፣ ከትልልቅ ከተሞች አወጣች። ተቀባዮቹ ከተሞች የጠበቁት አንድ ዓይነት ሰው ነበር፣ ባቡሩ ያወረደላቸው ሌላ። የተፈራው ቦምብ ሳይወድቅ ሲቀር ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ በጣም ብዙው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስለዚህ የተፈናቃይ መዝገብ በየሳምንቱ እንደገና ይቆጠር። አለበለዚያ የሄደ ሰው ራሽን ይወጣል፣ የመጣው ሰው ይራባል። መሐል ላይ የሚበላ ሰው ይፈጠራል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የሟቾች መዝገብ ነው። ሰዎች አስከሬን ወረርሽኝ ያመጣል ብለው ስለሚፈሩ ቶሎ ለመቅበር ይጣደፋሉ። በጥይትና በፍንዳታ የሞተ ሰው አስከሬን በአብዛኛው ወረርሽኝ አያመጣም። የዓለም ጤና ድርጅትና የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ይህን ደጋግመው ይላሉ። ስለዚህ ለመመዝገብ ጊዜ አለ። ለእያንዳንዱ አስከሬን አንድ ቁጥር ስጪ። ቁጥሩ ውሃ በማያጠፋው ነገር ተጽፎ አካሉ ላይ ይታሰር። ያው ቁጥር ፎቶው ላይ፣ መዝገቡ ላይ፣ መቃብሩ ላይ ይኑር። የት ተገኘ፣ መቼ፣ ማን አመጣው፣ ምን ለብሷል፣ ኪሱ ውስጥ ምን ነበር። ፊቱ በደንብ የሚታይበት ፎቶ ይነሳ። ብዙ ሰው በአንድ ቦታ መቅበር ግድ ከሆነ ጎን ለጎን ይጋደሙ እንጂ አይደራረቡ። ቦታው ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 200 ሜትር ይራቅ፣ የሚቀበረው ሰው ሲበዛ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ይህን ሥራ ማንም አይወደውም። አንድ ሰው ላይ ብቻ አትጣዪው፣ በፈረቃ ይሁን። ግን አይቅር። የሞት ምስክር ወረቀት የሌላት ሚስት ውርስ ለመጠየቅ፣ ጡረታ ለማስከበር መከራዋን ታያለች። ልጅ ለማስመዝገብ እንኳ «አባቱ የት አለ?» ትባላለች። ቁጥሩ ካለ ቢያንስ የምንፈልግበት ቦታ አለን። ቁጥር ከሌለ ለእናትየው የምንነግራት ነገር የለንም።

እስከዚህ መዝግቢ መዝግቢ አልኩ። አሁን ደግሞ አትመዝግቢ የምልሽ አለ። ኔዘርላንድስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እጅግ የተሟላ የነዋሪዎች መዝገብ ነበራት፣ የሰው ሃይማኖት ሳይቀር ተጽፎበታል። የናዚ ጦር አገሪቱን ሲይዝ አይሁዶችን ለማደን የተጠቀመው በዚያው መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1943 የአምስተርዳም አርበኞች የፖሊስ ልብስ ለብሰው የከተማውን መዝገብ ቤት በፈንጂ አጋዩት። ካርዶቹ ግን በብዛት ተርፈዋል፤ ከጥቃቱ ተሳታፊዎችም ብዙዎቹ ተይዘው ተረሸኑ። ያን መዝገብ መጀመሪያ ያደራጁት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሥራቸውን በሚገባ የሠሩ ሰዎች ናቸው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ስለዚህ የተፈናቃይ ቅጽ ስታዘጋጂ ብሔርና ሃይማኖት የሚል ዓምድ አይኑር። «የት ነው የሚዋጋ ዘመድ ያለህ?» የሚል ጥያቄም አይኑር። ራሽን ለማደል የቤተሰብ ብዛትና ዕድሜ ይበቃል። ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ብቻውን የመጣ ሕፃን ካለ ይጻፍ። የስም ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። አንድ ታጣቂ መጥቶ ዝርዝሩን ስጪኝ ቢልሽ፣ እጅሽ ላይ ያለው ዝርዝር ሰው የማያስገድል ዓይነት ይሁን። ዝርዝሩን ያኔ አሻሽላለሁ ብትዪ ጊዜው አልፏል።

የመሬትና የቤት ነገር ላይ እኔ ጨካኝ ነኝ። ይህ አገልግሎት በጦርነት ጊዜ መታገድ አለበት። ባለቤቱ በሌለበት ስም ማዛወር የለም። በውክልና ሽያጭ የለም። ሰው ሲሸሽ ቤቱን በማይረባ ገንዘብ «ይሸጣል»፣ ገዢውም በማግስቱ ካርታ ሊያወጣ ይመጣል። አንዳንዱ ገዢ የራሳችን መሥሪያ ቤት ሰው ነው። በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ የተሰደዱ ሰዎችን ቤት «ባለቤት አልባ» እያሉ ለሌላ የሚያድሉ ሕጎች ወጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ጦርነቱን ያስቆመው የዴይተን ስምምነት ሰው ወደ ቤቱ የመመለስ መብት አለው አለ። ከዚያ በኋላ ከ200 ሺህ በላይ የይገባኛል ጥያቄ ቀርቦ ያን ማጣራት ዓመታት ፈጀ። ባለቤቱ በሌለበት ቤት ተፈናቃይ ማሳረፍ ግድ ከሆነ «ጊዜያዊ» ተብሎ ይጻፍ፣ የቤቱ ዕቃ ተቆጥሮ ይፈረምበት፣ የማብቂያ ቀን ይኑረው።

ግብርን በተመለከተ ብዙ አልልም። መሰብሰቢያ መስኮቱ ክፍት ይሁን፣ ቅጣቱና ወለዱ በምክር ቤት ውሳኔ ይነሳ። በቃል «ተዉት» ከተባለ ከጦርነት በኋላ ውዝፍ ሆኖ ሰው ላይ ይወድቃል።

ወታደር ሲመጣ ምን ላድርግ የሚል ጥያቄም አስተያየቶቹ ውስጥ አይቻለሁ። ከሠራዊት ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ብቻ ይመደብ። መኪና፣ ነዳጅ፣ ሕንፃ ሲጠየቅ በጽሑፍ ይሁን፣ ደረሰኝም ይጠየቅ። ከተማው በሌላ ጦር እጅ ከወደቀ እ.ኤ.አ. የ1907ቱ የሄግ የጦርነት ደንብ የሚለው አለ። ያዡ ጦር ከማዘጋጃ ቤት የሚወስደው ለሠራዊቱ ፍላጎት ብቻና ከአካባቢው አቅም ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። በጥሬ ገንዘብ ካልከፈለ ደረሰኝ ይሰጣል። የማዘጋጃ ቤት ንብረትም እንደ ግል ንብረት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. የ1949 አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ደግሞ በሕሊናው ምክንያት ሥራ ያቆመን ባለሥልጣን መቅጣትን ይከለክላል፣ ከሥራው ማንሳት ግን ይቻላል። ታጣቂ ፊት ቆመሽ አንቀጽ ጥቀሺ ማለቴ አይደለም። ደረሰኝ መጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል። አዛዦች ወረቀት ይፈራሉ፣ እነሱም አለቃ አላቸው። ሌላው ደግሞ መሣሪያ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ እንዳይቀመጥ። ለወታደራዊ ተግባር የዋለ ሕንፃ ከጥቃት የሚጠብቀውን የሲቪል ከለላ ያጣል፣ መዝገብሽም አብሮ ይቃጠላል።

መዝገቡን ስናነሳ፣ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አትተማመኚ። መብራት ከሌለ የለም። የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የመሬት መዝገብ አሁኑኑ ፎቶ ይነሳ። አንድ ቅጂ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። ማን እንደያዘው ሁለት ሰው ብቻ ይወቅ። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚጻፍ ባሕረ መዝገብ ይከፈት።

ሠራተኛ ይሄዳል። የሄደውን «ከሃዲ» አትበሉት፣ ልጆች አሉት። የሦስት ወር ደመወዝ ቀድሞ የሚከፈልበት መንገድ ካለ ይከፈል፣ ያን ጊዜ የሚቀረው ይበዛል። የቀረው ሰው ደግሞ ጦርነት ላይ ሆኖም «ጎረቤቴ አጥሬን ገፋው» የሚል አቤቱታ ይመጣበታል። መድፍ እየጮኸ ስለ አጥር! አትሳቂ፣ አታባርሪም። ተቀበዪ፣ ቁጥር ስጪው፣ ቀጠሮ ስጪው። ሰው አቤቱታ የሚያስገባው መሥሪያ ቤት አለ ብሎ ስላመነ ነው። ይህ እምነት ሲጠፋ አጥሩን በዱላ ይፈታዋል።

አለቆችሽን ስለማሳመን ደግሞ አትከራከሪ። «የልደትና የሞት ምዝገባ፣ የውሃ አገልግሎትና የደመወዝ ክፍያ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋ» የሚል ደብዳቤ ራስሽ አርቅቂና ለፊርማ አቅርቢላቸው። እኔ እንዳየሁት አይፈርሙም። ሳይፈርሙ ከመለሱልሽ በማግስቱ ቢሮሽን ክፈቺና ሥራሽን ቀጥዪ። ረቂቁን ግን ፋይል ውስጥ አስቀምጪው።