የራስህ ራውተር ሆኖ ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ፦ ለሆጤው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። ደሴ ሆጤ ነህ፣ የምትከፍለው ለ10 ሜጋ ነው፣ ከሞደሙ ጋር የራስህን ባለ አራት አንቴና ራውተር ቀጥለሃል። ሳሎን ደህና ይሠራል፤ ሰርቪስ ቤት ያሉት ልጆች ግን ማታ ማታ ቪዲዮው እየዞረ መከራቸውን ያያሉ። የቴሌ ቢሮ ሄደህ ስትጠይቅም «የራስህ ራውተር ስለሆነ እኛን አይመለከትም» ተባልክ። አብሽር፣ የሚስተካከል ነገር ነው። ብቻ «ከዚህ የተሻለ ራውተር ግዛ» ያሉህን ለጊዜው አትስማቸው። ለ10 ሜጋ መስመር የያዝከው ራውተር ይተርፋል።

1. ቀርፋፋው መስመሩ ይሁን ዋይፋዩ መጀመሪያ ለይ። ይህን ሳትለይ የምታወጣው ብር ጠብ አይልልህም። ራውተርህን ንቀል፣ የሞደሙን ዋይፋይ አጥፋ፣ ላፕቶፕ በኬብል በቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰካና ፍጥነቱን ለካ፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ 2 ሰዓት ገደማ አንዴ። ቀጥለህ ራውተሩን መልስና ላፕቶፑን ራውተሩ ላይ በኬብል ሰክተህ ለካ። ከዚያ ራውተሩ አጠገብ ሆነህ በዋይፋይ፣ መጨረሻ ሰርቪስ ቤት ገብተህ በዋይፋይ። አራቱንም ቁጥር ጻፋቸው። የመጀመሪያው ራሱ 3 ካሳየህ ራውተርህ ንጹሕ ነው፣ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው 9 ሆኖ ሁለተኛው 4 ከሆነ አገጣጠሙ ወይም ኬብሉ ነው። ሁለቱ ደህና ሆነው ሦስተኛው ከወረደ የዋይፋይ ቅንብሩ ነው። አራተኛው ብቻ ከወረደ ግድግዳው ነው፣ ያንተም ይሄኛው ይመስለኛል።

10 ሜጋ ማለት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። ፋይል ስታወርድ የሚታይህ ሜጋባይት ስለሆነ ለ8 አካፍለው። 1.1 ወይም 1.2 እያለ ካወረደ ሙሉውን እያገኘህ ነው፤ ተበላሁ ብሎ ቢሮ የሚሮጠው ብዙ ሰው ይቺን ስላልለየ ነው።

2. ቢሮውን በተመለከተ። ያቺ «የራስህ ራውተር ነው» የምትል መልስ አንጀት ታሳርራለች፤ ነገር ግን እነሱ የሚጠየቁት እስከ ሞደሙ ድረስ ስለሆነ በሩን አንተው ዝጋባቸው። የእነሱን ሞደም አትሽጥ፣ ለጎረቤትም አታውስ። ባለሙያ ሲመጣ ያንተ ራውተር ከነኬብሉ ከጠረጴዛው ይነሳ፤ በእነሱ ዕቃ፣ በኬብል፣ እሱ እያየ ይለካ። መስኮት ላይ ስትቆምም «ዋይፋዬ ቀርፋፋ ነው» እንዳትል። ዋይፋይ የሚለው ቃል ከአፍህ ከወጣ ወዲያው ወደ ራውተርህ ይመልሱሃል። «በኬብል፣ በቀጥታ ሞደሙ ላይ 3 ሜጋ ብቻ ይገባል፤ የመስመሩ ኖይዝ ማርጂን 5 ነው» በል። አቤቱታው ሲመዘገብ ቁጥሩን ተቀበል፣ ሳትቀበል ከመስኮቱ አትነሳ።

ያ የኖይዝ ማርጂን ቁጥር (መስመሩ ጫጫታን የሚቋቋምበት ትርፍ) ከየት ይመጣል? የሞደሙን ገጽ ክፈት፤ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ከሞደሙ ጀርባ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኤዲኤስኤል ከሆነ የመስመር ሁኔታ የሚለው ውስጥ ሁለት ቁጥር ተመልከት። ኖይዝ ማርጂን ከ10 ዲቢ በላይ ከሆነ ደህና ነው፤ ከ6 ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል። አቴኑዌሽን (ምልክቱ መንገድ ላይ የሚደክመው መጠን) ደግሞ ባነሰ ቁጥር ይሻላል፤ 50 ዲቢ ካለፈ መስመሩ ወይ ረጅም ነው ወይ ታሟል። ክረምት ላይ የሚብስ ከሆነ ውኃ የገባው መገጣጠሚያ ጠርጥር። ግድግዳው ላይ ያለችውን የስልክ ሳጥን ክፈታት፤ ሽቦው የተጠመዘዘበት ላይ አረንጓዴ ዝገት ካየህ ጫፉን አንድ ሳንቲሜትር ቆርጠህ፣ ልጠህ፣ እንደገና አጥብቀው። የቤት ስልክ ካለህም አንስተህ አንድ ቁጥር ብቻ ደውልና ዝም ብለህ አዳምጥ፤ መስመሩ የሚያንጫጫ ከሆነ ኢንተርኔቱም አብሮ ይታመማል። ስልኩ በስፕሊተር (ስልኩንና ኢንተርኔቱን በምትለየው ትንሽ ሳጥን) በኩል ካላለፈም በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይዘላል።

ፋይበር ከሆነ ነገሩ ያጥራል። የሚገባው ብርሃን ኃይል ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም መካከል መሆን አለበት፤ ከ-25 ወዲያ ካለፈ ጠርጥር። ቢጫዋን ቀጭን ገመድ በበር ስር አጥፈው ያሳለፏት እንደሆነ፣ ወይም ሶፋ ተጭኗት እንደሆነ እይ። ከ3 ሳንቲሜትር ባነሰ ዙር አትታጠፍም። ጫፏን በጣት አትንካ፤ ብርሃኑ ባይታይህም ዓይንህን አታስጠጋላት።

3. አገጣጠሙ። ብዙ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከሞደሙ ላን (የቤት ውስጥ ዕቃ ከሚሰካበት ቀዳዳ) አውጥቶ የራሱን ራውተር ላን ላይ ይሰካና ዲኤችሲፒን (ለየስልኩ አይፒ፣ ማለትም የአድራሻ ቁጥር፣ የሚያድለውን) ሳያጠፋ ይተወዋል። አሁን ቤት ውስጥ አይፒ የሚያድሉ ሁለት ሆኑ ማለት ነው። አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል፣ ሲያጠፉት ሲያበሩት ደግሞ ይገለበጣል። ሰው ይሄን ቀርፋፋ መስመር ይለዋል፤ መስመሩ ምን በወጣው!

ላንተ ቤት የምመክርህ አገጣጠም እንዲህ ነው። ራውተሩን ከሞደሙ ለይ። ላፕቶፕህን በኬብል ራውተርህ ላን ላይ ሰካና ገጹን ክፈት (ቲፒ-ሊንክ ከሆነ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1)። የላን አይፒውን ሞደሙ ከያዘው የተለየ፣ ግን በአንድ መደዳ ያለ አድርገው፤ ሞደሙ 192.168.1.1 ከሆነ ያንተን 192.168.1.2 አድርግ። አስቀምጥ፣ በአዲሱ አድራሻ ተመልሰህ ግባ፣ ዲኤችሲፒን አጥፋ። አሁን ከሞደሙ ላን ወደ ራውተሩ ላን ሰካ፤ ቀለሟ የተለየችውን የዋን ቀዳዳ (ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባባትን) ባዶዋን ተዋት። ገጹ ላይ «አክሰስ ፖይንት» (Access Point) የሚል ምርጫ ካለ እሱን መምረጥ ይበቃል፣ የቀረውን ራሱ ይሠራዋል፤ እዚያ ላይ ግን ገመዱ የት እንደሚሰካ ገጹ የሚለውን ተከተል።

ዋን ላይ መሰካት የግድ ካለብህ የሁለቱ አይፒ መደዳ ይለይ፤ አንዱ 192.168.1.1 ከሆነ ሌላው 192.168.2.1 ይሁን። ሁለቱም 1.1 ከሆኑ አይግባቡም። ራውተር በራውተር ላይ ድርብ መሆኑ በራሱ ፍጥነት ይቀንሳል የሚሉህ ግን ያጋንናሉ፤ የሚያስቸግረው ጌምና የጥበቃ ካሜራ ላይ ነው። የፒፒፒኦኢ (ወደ መስመሩ መግቢያ) ስምና የይለፍ ቃልም ሁለቱም ላይ እንዳትሞላ። ወይ ሞደሙ ይደውላል (በዚያ ስም ይገባል)፣ ወይ ሞደሙን ብሪጅ (መስመሩን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ) አድርገህ ራውተሩ ይደውላል። ራውተሩ የሚደውል ከሆነ ኤምቲዩውን (በአንዴ የሚላከውን የዳታ እሽግ መጠን) 1492 አድርገው፤ 1500 ላይ ከቆየ አንዳንዱ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል።

ተራ ቁጥር መስጠቱን እዚህ ላይ ልተወው፣ የቀረው እርስ በርሱ የተያያዘ ነው።

ኬብሉን እይ። ክሊፕዋ የተሰበረች ኮኔክተር ስትነካካ ትላቀቃለች፣ መብራቷ ግን ብልጭ ማለቷን አትተውም፣ ያታልልሃል። ራስህ የምትመታው ከሆነ ካት 5ኢ ገዝተህ በሁለቱም ጫፍ ተራው ይሄ ይሁን፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ውስጡን ስትልጠው ብርማ ሆኖ የሚሰባበር ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ለረጅም ርቀት አይሆንም።

ዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ከሁሉ በፊት የምታየው የጥበቃውን (ሴኩሪቲ) ዓይነት ነው። ቲኬአይፒ (TKIP) የሚለው የድሮ ምስጠራ ከተመረጠ ራውተሩ 300 ሜጋ ተብሎ ቢሸጥም ከ54 አያልፍም፤ ዳብልዩፒኤ2 (WPA2) ከኤኢኤስ (AES) ጋር አድርገው። 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርትዝ አድርግ፣ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን ምረጥ፤ ጎረቤት ያልያዘውን በስልክ መተግበሪያ ታየዋለህ። «ባዶ ነው» ብለህ 3 ላይ እንዳታስቀምጠው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች ቡና ላይ እንደተቀመጡ ጎረቤቶች ተራ ይጠባበቃሉ፤ 3 ላይ ያለው ግን 1ንም 6ንም ያውካል፣ እሱም ይታወካል። የሞደሙንና የራውተሩን ዋይፋይ ሁለቱንም ካበራህ ቻናላቸውን አራርቅ። ሳሎን ላለው ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ 5 ጊጋኸርትዝ ስጥ። ግድግዳ ስለማይወድ ሰርቪስ ድረስ አትጠብቀው።

አሁን ወደ ሰርቪሱ። የደሴ የድሮ ቤት ግንቡ ድንጋይ ነው፤ ሰርቪሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮ። ድንጋዩ ያደክመዋል፣ ቆርቆሮው ይመልሰዋል። አንቴና ብዛት እዚህ አያድንም፤ ራውተሩ ሰርቪስ ድረስ ቢሰማ እንኳ የልጆቹ ስልክ መልስ የሚልክበት ኃይል ትንሽ ነው፣ መልሱ ሳሎን አይደርስም። ለዚህ ነው ስልኩ ላይ ምልክቱ ሦስት መስመር እያሳየ ምንም የማይከፈተው። ሪፒተርም (ዋይፋዩን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ዕቃ) አትግዛ። አብዛኛው ርካሽ ሪፒተር በዚያው አየር ተቀብሎ በዚያው ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን ግማሽ ያደርገዋል፤ ቆርቆሮው ውስጥ ከተሰካ ደግሞ እሱ ራሱ ደካማውን ነው የሚያባዛልህ።

የሚያዋጣው ኬብል ነው። ባለ አራት አንቴናውን ራውተር ከላይ ባልኩህ አገጣጠም ሰርቪስ ቤት ውሰደው፣ ሳሎንን የሞደሙ ዋይፋይ ይሸፍነዋል። አንድ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ግቢህ ይበቃዋል። ለውጭ ተብሎ የተሠራውን ጥቁሩን ግዛ፣ ግራጫውን ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል። ከመብራት ገመድ ጋር አጣምረህ አትዘርጋ፤ መሻገር ካለበት አቋርጦ ይሻገር። ሞደሙንም ከቴሌቪዥኑ ጀርባና ከብረት ቁም ሣጥን አውጥተህ ደረት ከፍታ ላይ አድርገው።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ የሚብስብህ ከሆነ አዳፕተሩን እይ። ራውተሩ ስር የተጻፈው 12 ቮልትና 1.5 አምፔር ሆኖ 0.5 አምፔር ያለው ከተሰካ፣ ይበራል፣ ግን ሰው ሲበዛበት ራሱን አጥፍቶ ያበራል። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ የመብራቱን ብቻ አትንቀል፣ የስልክ ሽቦውንም አብረህ ንቀል፤ ሞደም የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል የሚገባው ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ ማታ ማታ ብቻ ከከበደ ቤት ውስጥ ማን ምን እያወረደ እንደሆነ ተመልከት። ቴሌግራም በዋይፋይ ቪዲዮ በራሱ እንዲያወርድ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ በሁሉም ስልክ ላይ ገብተህ አጥፋው። የፎቶ ምትኬም ማታ እንዲጫን አትተወው፤ የመጫኛው መስመር ሲሞላ የማውረጃውም ይታነቃል። ራውተሩ የሚደውለው ሆኖ ኪዎኤስ (QoS፣ ፍጥነቱን የሚያከፋፍል ቅንብር) ካለው የፍጥነቱን ጣሪያ በኬብል ከለካኸው 85 ከመቶ ላይ አስረው፤ 9 ከሆነ 7.6 ማለት ነው። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚመልሰውን) መቀየር ገጽ ቶሎ ያስከፍት ይሆናል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም።

አራቱን ቁጥርና የሞደሙን የመስመር ገጽ ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝ፤ ፎቶው ላይ የተጠቃሚ ስምህንና የስልክ ቁጥርህን መሸፈንህን እንዳትረሳ።