የለንደኑ ነጭ ግንብ፦ ጥያቄና መልስ

ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር አደራ፦ «ታወር ኦፍ ለንደን» መላው ግቢ ነው፤ ነጩ ግንብ መሃሉ ላይ ያለው ነው። አታደባልቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግንቡ ለእስር ቤትነት ነው የተሠራው?

መልስ፦ አይደለም! የኖርማንዲው (የዛሬዋ ሰሜን ፈረንሳይ) መስፍን ድል አድራጊው ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ያዘ፤ የለንደንን ሰው ግን አላመነም። በ1070ዎቹ ሥራውን አስጀመረ። ምሽግም ቤተ መንግሥትም ነው። ቁመቱ 27 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት ከግርጌው 4.5 ሜትር ገደማ። ስትሄዱ በሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ከመሬት ከፍ ብሎ ነው የተከፈተው። ወደ በሩ የሚወጣው በእንጨት ደረጃ ነበር፤ ጠላት ሲመጣ ደረጃውን ማንሳት ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ማን ታሰረ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ! የደርሃሙ ጳጳስ ራኑልፍ ፍላምባርድ ነው፣ በ1100። የዘመኑ ጸሐፊ እንደተረከው፣ ወዳጆቹ ገመድ በወይን ዕቃ ውስጥ ደብቀው ላኩለት። ጠባቂዎቹን ጋብዞ አሰከራቸው። ገመዱን መስኮቱ መሃል ካለው ምሰሶ ላይ አስሮ ወረደ። ጓንት ስላልነበረው እጁ ተላጠ፤ ገመዱም ስላጠረ የቀረውን ወደቀ። ያም ሆኖ በ1101 ኖርማንዲ ገባ። ግድግዳው የተሠራው ሰው እንዳይገባ ነዋ!

ጥያቄ፦ የሄንሪ ስምንተኛ ሚስት ንግሥት አን ቦሊን ነጩ ግንብ ውስጥ ነው የተሰየፈችው?

መልስ፦ ግቢው ውስጥ፣ በ1536። አታደባልቁ ብያለሁ።

አንድ አባል፦ ልዑል ዓለማየሁም እዚያ ታስሮ ነበር አይደል?

ሌላ አባል፦ ኧረ በጭራሽ! በ1879 ሊድስ አረፈ፣ ዊንዘር ተቀበረ።

የመጀመሪያው አባል፦ ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ እስረኛ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

መልስ፦ ቁጭቱ የእኔም ነው። ግንቡ ውስጥ ግን አልታሰረም። ለእሱ ሌላ ቀን እንቀመጥ።

ጥያቄ፦ ቲኬቱ ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋው ይቀያየራል። ድረ ገጻቸውን እዩ።

ጥያቄ፦ ሙዚየም መቼ ሆነ?

መልስ፦ ቀስ በቀስ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነገሥታት የጦር ልብስ ለጎብኚ ይታይ ነበር። እስሩም አልቀረም፦ የሂትለር ምክትል የነበረው ሩዶልፍ ሄስ በ1941 እዚያው ግቢ ታስሯል። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሰላይ ጆሴፍ ጃኮብስ ተረሽኗል።

ጥያቄ፦ ስለ ግንቡ ሁሉንም ይንገሩን።

መልስ፦ «ሁሉንም» ምን ማለት ነው? ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ለእስር ቤትነት ነበር የተሠራው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ!

ጥያቄ፦ ነጭ ለምን ተባለ?

መልስ፦ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ በ1240 በኖራ አስቀባው። የዝናብ ውሃ ኖራውን እንዳያበላሽበትም የእርሳስ አሸንዳ እንዲሠራ አዘዘ።