በ47 ዓመቴ ራግቢ ልጀምር ነው፤ የት ቦታ ልሰለፍ? (መልስ)

ኳሱን ነክተህ ሳታውቅ እዚያ እንግሊዝ አገር የሊድሱ የሰፈር ቡድን «ሰው ጎድሎናል፣ ፊት መስመር ግባልን» ካለህ እንቢ በል። ክንፍ ላይ አሰልፉኝ በላቸው። ስክረም ላይ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ተቆላልፈው ለኳሱ በሚጋፉበት ጊዜ፣ ስምንት ለስምንት ሲገፋፉ ጫናው የሚያርፈው ፊት ባሉት ሦስቱ አንገትና ትከሻ ላይ ነው። ሕጉም ያልሠለጠነ ሰው እዚያ እንዲገባ አይፈቅድም። የሚችል ሰው ከጠፋ ዳኛው ስክረሙን ያለ መገፋፋት ያስኬደዋል። ጨዋታው አይቀርም፣ ይሉኝታ አይያዝህ።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ወር ተች ራግቢ ተጫወት። ስድስት ለስድስት ነው። ይዞ መጣል የለም፣ በእጅ መንካት ብቻ። ስድስት ጊዜ ከተነካችሁ ኳሱ ለተጋጣሚ ያልፋል። ትንፋሽህን እዚያ ታውቀዋለህ። በእጅ ወደ ኋላ ብቻ ማቀበሉንም እዚያው ትለምዳለህ፤ በእግር ኳስ ላደገ ሰው ጉዱ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ በ44 ዓመቴ ጭንቅላቴን ተመትቼ «ደህና ነኝ» ብዬ ቀጠልኩ። ማታ የመኪናዬን ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት። ተመትተህ ከዞረብህ ወዲያው ውጣና ታከም። እንግሊዝ ባለው መመሪያ ወደ ግጥሚያ የምትመለሰው ቢያንስ ከ21 ቀን በኋላ ነው። የዚያን ቀን ቢራውንም ተወው።